የእንገር ጓዳ

የእንስሳት ሐኪሙ የጋሽ ቁልፍን ስም ሲጠራ እትዬ እንገር ሳቀች። በእጇ የያዘችው የሻይ ብርጭቆ ተነቃንቆ ጣቷን እስኪያቃጥላት ድረስ ከልቧ ሳቀች።

«ይቀልዳሉ ዶክተር!» አለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «የእኛ ፍየሎች ታመው የእሳቸው ጤነኛ? ለፍየል ጨው እንኳ ቆንጥረው የሚሰጡት ሰውዬ?»

ሐኪሙ አልሳቀም። ፊቱ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል፣ ቃል የሚቆጥብ ጎልማሳ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በሰፈሩ ካሉት በረቶች ሁሉ የፍየል ደም ቀድቶ ወስዶ ነበር። ዛሬ ውጤቱን ይዞ ሲመለስ በመጀመሪያ የገባው እሷ ቤት ነው። እሷም ይህን እንደ ክብር ቆጥራ፣ በወተት ክፍሏ ውስጥ ያለውን አንድ ደህና ወንበር ወልውላ አስቀምጣዋለች።

«አልቀለድኩም እትዬ» አለ። «እዚህ ሰፈር ከአሥር ፍየል በስድስት ሰባቱ ደም ውስጥ ጉልበት የሚያሳብጠው ቫይረስ አለ። ያልገባበት ቤት የለም። እሳቸው በረት ውስጥ ግን አንዲት እንኳ አላገኘሁም።»

ሰፈሩ ከከተማው ዳር፣ የጭነት መኪኖች ከሚያድሩበት ሜዳ ጀርባ ነው። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ ከየቤቱ ጀርባ በቆርቆሮና በአሮጌ ጣውላ የታጠረ በረት አለ። ወንዱ ጋራዥ ይሥራ፣ ሴቷ ልብስ ትስፋ እንጂ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ፍየሏ ናት። ጠዋት ጠዋት አይብ ሠሪው በባለ ሦስት እግር መኪናው እየዞረ ወተቱን ይሰበስባል። ታዲያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ፍየሎቹን አንድ ነገር ያዛቸው። ደህና ስትታለብ የነበረችው ፍየል የፊት ጉልበቷ ማበጥ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ሎሚ ያህላል፣ ኋላ ብርቱካን። ከዚያ ተንበርክካ መብላት ትጀምራለች። የአንዳንዷ ግት ደግሞ በወለደች ማግስት ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። ሰዉ «እርጥበት ነው» አለና ወለሉን ጣውላ አለበሰ። «ብርድ ነው» አለና ቀዳዳውን ደፈነ። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው የእትዬ እንገር ባል፣ እሱም ጉልበቱን ስለሚያመው፣ «ከእኔ ተምረው ነው» ይል ነበር።

እትዬ እንገር የእናት የአባቷ ስም አይደለም፤ ሰፈሩ ያወጣላት ነው። ፍየል በወለደች ዕለት የምትሰጠው ወፍራም ቢጫ ወተት እንገር ይባላል። ግልገል በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እሱን ካልጠባ፣ ለጊዜው ቢቆም እንኳ ሰንበት ብሎ መሞቱ አይቀርም። እናቱ የሞተችበት፣ እናቱ የገፋችው፣ መንታ ተወልዶ ወተት ያልበቃው ግልገል ሁሉ ያደገው በእሷ እጅ ነው። ከፍየሉ እንገር የተረፈው ጎረቤት ያመጣላታል፤ እሷ ደግሞ ታስቀምጠዋለች፤ በሯን ለመታ ሁሉ ትሰጠዋለች። ልጅ አልወለደችም። «ልጆቼ» የምትላቸው በየበረቱ ያሉትን ነው፤ በመንገድ ስታልፍ ድምጿን ሰምተው የፊት እግራቸውን አጥር ላይ የሚሰቅሉትን። ሰው ሲያመሰግናት «የእናንተው ነው፣ እኔ ምን አደረግሁ» ትላለች። ምስጋናውን ግን ትወደዋለች። በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የምትለው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ጋሽ ቁልፍ የሚባሉት ሰውዬ ደግሞ የቀድሞ የመጋዘን ኃላፊ ናቸው። በራቸው ላይ ሁለት ቁልፍና አንድ መቀርቀሪያ አለ። አያበድሩም፣ አይበደሩም፤ አውራ ፍየላቸውን ለጎረቤት አያውሱም፣ የጎረቤትም አውራ ወደ በረታቸው አያስገቡም። አንድ ጊዜ ሴቶቹ ተሰብስበው ሄደው «ከፍየልዎ የተረፈውን እንገር ለእትዬ ይስጡልን» ቢሏቸው፣ «የእኔ ለእኔ፣ የእናንተ ለእናንተ» ብለው በሩን ዘጉት። ያን ቀን እትዬ እንገር «ሰውዬው ሰላምታ እንኳ በብድር ነው የሚሰጡት» ብላ ሰፈሩን አሳቀች። ነገሩ እስከ ዛሬ ይነገራል።

«እስኪ እንገሩን እንዴት እንደሚያዘጋጁት ያሳዩኝ» አለ ሐኪሙ።

ደስ አላት። ከመደርደሪያው ላይ ትልቁን የብረት ድስት አወረደች፤ ከውስጥም ከውጭም እንደ መስተዋት ያበራል። ፍሪዘሩን ከፍታ በረዶ የጋገረባቸውን ጠርሙሶች አሳየችው። ከየቤቱ የመጣውን በዚህ ድስት አንድ ላይ ትገለብጣለች፣ በእንጨት ማንኪያ ታማስላለች፣ ከዚያ በየጠርሙሱ ትሞላለች።

«ለምንድን ነው የሚቀላቅሉት?»

«የአንዷ ወፍራም፣ የአንዷ ቀጭን ይሆናላ ዶክተር። ቀጭኑ የደረሰው ግልገል ምን በወጣው? ሳዋህደው ሁሉም እኩል ይደርሰዋል።»

ሐኪሙ ድስቱን ተቀብሎ አየው፤ እንደ መመለስም እንደ መያዝም አለ። ከዚያ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እትዬ፣ ይህ ቫይረስ ከእናት ወደ ልጅ የሚሄደው በእንገርና በወተት ነው። በደምም ይተላለፋል፤ አንድ መርፌ ለብዙ ፍየል ሲወጋ። ዋናው መንገዱ ግን ይሄ ነው። የታመመችው ፍየል ልጇን ብቻ ብታጠባ የምታስይዘው ያንኑ ልጇን ነው። ወተቷ እዚህ ድስት ውስጥ ከገባ ግን...»

አልጨረሰውም። እሷም ጨርሰው አላለችውም። ፍሪዘሩ እንደተከፈተ ነበር፤ ቅዝቃዜው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲደርስ ተሰማት። ሄዳ ዘጋችው።

«ደህና ሆነው የሚኖሩም አሉ እኮ» አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው። «እኔ ያጠባኋቸው፣ አሁን እናት የሆኑ፣ ጉልበታቸው ሎሚ ያህል እንኳ ያላበጠ።»

«አሉ። ብዙዎቹ ምንም ሳይታይባቸው ነው የሚኖሩት። ማንም ያላወቀውም ለዚህ ነው። ጤነኛ መስላ ትወልዳለች፣ ትታለባለች፣ የተረፈው ወደ እርስዎ ይመጣል።»

«መድኃኒቱስ?»

«የለውም። ክትባትም የለውም። ሰው አይዝም፤ በዚያ አይስጉ። ማስቆም ግን ይቻላል። ግልገሉን ገና ሲወለድ ከታመመችው እናቱ መለየት፤ እንገሩን ደግሞ ሳይፈላ፣ ሳይበርድ፣ በልኩ ሙቀት አንድ ሰዓት ሙሉ ማቆየት። ካለፈ ይረጋል፣ ካነሰ ቫይረሱ አይሞትም። ቴርሞሜትር አመጣልዎታለሁ። እስከዚያ ግን ከዚህ ፍሪዘር ጠብታ እንዳይወጣ።»

የሻይ ብርጭቆውን አንስቶ እስከ ታች ጠጣው፤ በርዶ ነበር። በሩ ላይ ደርሶ ዞረ።

«ነገ ከሰዓት ሰፈሩን ሰብስቤ ውጤቱን እናገራለሁ። ምን ማድረግ እንዳለባቸው ነው የምነግራቸው። እርስዎ ካልፈለጉ የእርስዎን ጓዳ አላነሳም።» ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ።

ባሏ ከበሩ ውጭ የላላ ማጠፊያ እያጠበቀ ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል። መፍቻውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ እያነከሰ ገባና ሐኪሙ በተነሣበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለመቀለድ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ተወው።

«ዝም በይ» አላት።

«ምን?»

«ዝም በይ ነው የምልሽ። ሰውዬው ራሱ አልናገርም አለ አይደል? ሁሉም ጋ ያለ በሽታ የማንም አይደለም። ነገ 'በወተት ነው' ይላቸዋል፤ የማን ወተት ብሎ የሚመረምር የለም። ድስቱን አንሺው፣ ፍሪዘሩን አጽጂው፣ በቃ።»

«የሰፈሩን ሰው ዐይኑን እያየሁ?»

«ለክፋት አደረግሽው እንዴ?»

ለክፋት አላደረገችውም። ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች፤ ግን አላሳረፋትም። ክፉ ሰው ቢሆን ያደረገው፣ ክፉው ይረገምና ነገሩ ያበቃል። ይኼኛው ግን በእሷ እጅ፣ በእሷ ማንኪያ፣ እሷ ከዕንቅልፏ እየተነሣች፣ ጡጦውን በብብቷ እያሞቀች ያደረገችው ነው። ወደ በረቱ ወጣች። ከሁሉ የምትወዳት ባለ ነጭ ግንባሯ ፍየል ተንበርክካ ከመኖው ሣጥን ትበላለች። ከአጠገቧ ቁጭ አለችና ያበጠውን ጉልበት በመዳፏ ያዘችው። ይሞቃል። ፍየሏ መብላቷን ሳታቆም ጆሮዋን ወደ እሷ መለሰች።

በሐሳቧ በየቤቱ መዞር ጀመረች። የጋራዡ ሰውዬ ቤት ያሉት መንትዮች፤ አንዷ ባለፈው ክረምት ወድቃ አልተነሣችም። የጥበቃው ሚስት ፍየል፣ ግቷ ድንጋይ የሆነው። የአይብ ሠሪው እህት ያሳደገቻት ግልገል፣ የኋላ እግሮቿ ከድተዋት እየተጎተተች የሞተችው። «መንፈስ ነው» ብለው ነበር ያን ጊዜ። እሷም አብራ አልቅሳ፣ በማግስቱ ለሌላው ግልገሏ አንድ ጠርሙስ ጨምራ ሰጥታታለች። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ የእሷ ጉድ ግን ከፊት ለፊት፣ በምስጋና ታጅቦ ነው ሲሄድ የኖረው። ማልቀስ ፈለገች፣ እንባው እምቢ አለ።

የበሩ መዝጊያ በኃይል የተመታው ያን ጊዜ ነው። ከበረቱ ወደ ወተት ክፍሏ ሮጣ ተመለሰች።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ጫማዋን በተቃራኒ እግር አድርጋ፣ በልብስ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ ይዛ ገባች። ቁራጩ ርሷል።

«እትዬ ድረሽልኝ! እናቲቱ ሞተችብኝ። ወለደችና እዚያው ቀረች። አልላሰቻትም እንኳ።»

ጨርቁን ገለጠችው። ሴት ግልገል ናት፤ ጥቁር፣ ጠጉሯ ገና እርጥብ፣ አንገቷን ማቆም የማትችል። አፏን ግን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ሌሎቹን ፍየሎቼን ታውቂያቸዋለሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የሁለቱም ጉልበት አልቋል። ተስፋዬ የዛሬዋ ነበረች፤ አሁን የቀረችኝ ይቺ ናት። ይቺም ከሄደች በረቱ ባዶ ነው እትዬ።»

ባልና ሚስት ተያዩ። እሱ በዐይኑ ወደ ፍሪዘሩ ጠቆማት። እትዬ እንገር ልብስ ሰፊዋን ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ ደረቅ ጨርቅ ሰጠቻትና «እሺ አንቺ፣ አታልቅሺ፣ ማሸትሽን አታቁሚ» አለቻት። እጇ የለመደውን ሥራ ራሱ ያውቀዋል። አንድ ጠርሙስ አወጣች፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ምድጃውን ለኮሰች።

ለሐኪሙ ደወለች። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ደግማ ደወለች፤ አሁንም አላነሣም። ሞተር ላይ ነው፣ አይሰማውም።

እንግዲያው እኔው አደርገዋለሁ አለች በልቧ። ስንት ዓመት ወተት ያሞቅሁ ሴት ሙቀት አላውቅም? የቀለጠውን ግማሹን በትንሽ ድስት አደረገችና እሳቱን ዝቅ አድርጋ ጣቷን እያስገባች መጠበቅ ጀመረች። ሳይፈላ፣ ሳይበርድ። ጣቷ «ልክ ነው» አላት። ድስቱን ስታወርድ ስትጥድ፣ ስታወርድ ስትጥድ ቆየች። ግልገሏ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ቀጭን፣ የተቆረጠ ጩኸት ነበር። ወደ እሷ ዘወር ብላ ስትመለስ የድስቱ ጠርዝ ላይ ቢጫ ክር መሳይ ነገር አየች። አማሰለችው። ክሩ እየበዛ፣ እየወፈረ ሄዶ ማንኪያውን ያዘው። ረግቷል።

ባሏ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ አንሾካሾከላት። «ተይው ይሄን። የቀረውን ስጪያት። አሁን ካልጠባች ዛሬ ትሞታለች፤ ብትጠባው ምናልባት ምንም አትሆን። ሰውዬው ራሱ 'ብዙዎቹ ደህና ይኖራሉ' አላለም? ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በለው አለ አሉ።»

እውነቱን ነው። ይህ ነው ያስፈራት፤ እውነቱን መሆኑ። የቀረውን ግማሽ ጡጦ ውስጥ ቀዳችው፣ በክንዷ ውስጠኛ በኩል ጠብ አድርጋ ሞከረችው፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄዳ ተንበረከከች። ግልገሏ የጣቷን ጫፍ ስታገኝ ያዘችው። የዚያች ትንሽ ምላስ ጉልበት እስከ ክርኗ ድረስ ተሰማት። ይህን ስሜት ከሁሉ ይልቅ ትወደዋለች፤ ስንት ጊዜ ሌሊቱን ያነጋችለት ነገር ነው።

ልብስ ሰፊዋ በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች።

«ዕድሏ ነው» አለች። «እናቷም እኮ እንዲሁ ነበረች። ትዝ ይልሻል? ከመንታ ተለይታ፣ አንቺ እጅ ገብታ ነው የተረፈችው። እናቷን ያሳደግሽልኝ አንቺ ነሽ፣ እሷንም አንቺው።»

እትዬ እንገር ጡጦውን ከግልገሏ አፍ ላይ መለሰችው። አንድ ጠብታ ከንፈሯ ላይ ሊወድቅ ሲል በሽርጧ ጫፍ ጠረገችው። ተነሥታ ወደ ማጠቢያው ሄደችና ጡጦውን ገለበጠችው። ቢጫው ወተት በጉድጓዱ ዙሪያ ዞሮ ገባ።

«እትዬ!» ልብስ ሰፊዋ ከወንበሩ ብድግ አለች። «ምን ሆነሻል? ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተነሽ፤ ጋሽ ቁልፍ ቤት እንሄዳለን።»

«እዚያ ምን ልናደርግ?»

«ልንለምን።»

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሊያግዳት ይሁን ሊያሳልፋት የወሰነ አይመስልም። ስታልፈው ግን ነጠላ ጫማዋን በእግሩ ገፋ አድርጎ አቀረበላት፤ ባዶ እግሯን መሆኗን አላወቀችም ነበር።

የጋሽ ቁልፍ ግቢ ከመንገዱ ጫፍ ነው። እትዬ እንገር ግልገሏን በሽርጧ አቅፋ ከፊት፣ ልብስ ሰፊዋ ከኋላ እየተከተሉ ሄዱ። በየበሩ ያሉ ሴቶች እጃቸውን አነሡ። «እትዬ፣ ደግሞ ዛሬ የማንን ልጅ ነው?» አለች አንዷ። «እግዜር ይስጥሽ!» አለች ሌላዋ። መልስ አልሰጠችም። ምስጋና እንዲህ እንደ ድንጋይ ሲወረወር ተሰምቷት አያውቅም።

የብረቱን በር አንኳኳች። ቆየ። በበሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ተከፈተችና የሰውዬው ዐይኖች ብቅ አሉ፤ አዩዋት፤ የታቀፈችውን አዩ።

«እሜቴ» አሉ። «ምን ፈልገው ነው?»

«ፍየልዎ ትናንት መውለዷን ሰምቻለሁ። እንገር ካለዎት ለዚች ጥቂት እንዲሰጡኝ ነው።»

ዐይኖቹ ጠበቡ። «የሰፈሩ እንገር ያለው እርስዎ ጋ አይደል እንዴ? ፍሪዘር ሙሉ አለ ይሉኛል። ከእኔ ከንፉጉ ምን ፍለጋ መጡ?»

ልብስ ሰፊዋ ከትከሻዋ አጠገብ ቆማለች። ትንፋሿ አንገቷ ላይ ይሰማታል። አሁን ብትዋሽ ይቻላል፤ «አልቆብኝ ነው» ብትል ማንም አይጠራጠራትም። ግልገሏ በሽርጧ ውስጥ ተንቀሳቀሰች፤ ጩኸቷን ትታለች።

«የእኔ እንገር የታመመ ነው» አለች። «ዛሬ ሐኪሙ ነገረኝ። የሰፈሩን ፍየል የጎዳው እርጥበት አይደለም፤ እሱ ነው። ከየቤቱ እየሰበሰብኩ፣ አንድ ላይ እየቀላቀልኩ፣ ለሁሉም አዳርሼዋለሁ። ንጹሑ የእርስዎ ብቻ ነው።»

ትንሿ መስኮት ተዘጋች።

በቃ፣ ዘጉብኝ አለች በልቧ። የሚገባት መሰላት። ወደ ኋላዋ ዞራ ልብስ ሰፊዋን ለማየት ግን አንገቷ አልታዘዝ አለ። ከዚያ ከበሩ ጀርባ አንዱ ቁልፍ ሲዞር ሰማች፤ ሁለተኛው ተከተለ፤ መቀርቀሪያውም እየተንቋቋ ተሳበ።

ግቢው ተጠርጎ ንጹሕ ነው። ጋሽ ቁልፍ ምንም ሳይናገሩ ወደ በረቱ ገብተው ወዲያው በትንሽ ጣሳ አዲስ የታለበ ይዘው ወጡ፤ እንፋሎቱ ገና አልጠፋም። ጡጦ አልነበራቸውም። እትዬ እንገር ከሽርጧ ኪስ ንጹሕ ጡጦ አወጣች፤ ጡጦ ከእሷ ኪስ ጠፍቶ አያውቅም። ስትቀዳ ሰውዬው ጣሳውን ደግፈው ያዙላት።

«እኔ ፍየሎቼን ዐውቄ አይደለም ያዳንኳቸው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዕወቁልኝ። ንፉግ ስለሆንኩ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ነገር ለሰፈሩ አድርሳ ሳምንት ታስቅበት ነበር። አሁን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ያፈሩት እሳቸው ነበሩ።

ልብስ ሰፊዋ ግልገሏን ከእጇ ወሰደች። ጡጦውንም ወሰደች። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ራሷ ማጥባት ጀመረች፤ ግልገሏ መጀመሪያ አንገቷን አዞረች፣ ቀጥሎ ያዘች፣ ከዚያ ጅራቷ መወዝወዝ ጀመረች። ሦስቱም ያንን ጅራት እያዩ ቆዩ።

«እናቷስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዐይኗን ከግልገሏ ሳታነሣ።

እትዬ እንገር ጥያቄው እስኪመጣ ስትጠብቀው ነበር። ሲመጣ ግን የበሩን ብረት ያዘች።

«ዛሬ በምን እንደሞተች አላውቅም። ግን እሷንም ያጠባኋት ከዚያው ነው። ሁለቱንም፣ እነዚያን ጉልበታቸው ያለቀውን፣ ያጠባኋቸው እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ጡጦው ባዶ ሲሆን የግልገሏን አፍ በቁራጩ ጨርቅ ጠረገች፣ አቀፈቻት፣ ተነሣች። ስትናገር ወደ እትዬ እንገር አላየችም፤ ወደ ጋሽ ቁልፍ ነው የዞረችው።

«ማታ ደግሞ መጥባት አለባት» አለች። «ጋሼ፣ ብመጣ ይሰጡኛል?»

ሰውዬው ግራ ገባቸው። እንዲህ ዐይነት ጥያቄ ሲቀርብላቸው የሚመልሱት አንድ መልስ ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን አፋቸው ላይ አልመጣላቸውም። ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው እትዬ እንገርን አዩዋት።

«ይሰጡሻል» አለች እሷ።

«ነይ» አሉ ሰውዬው። «እሰጥሻለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ በእትዬ እንገር አጠገብ አልፋ ወጣች። ሁልጊዜ ስትለያት ትከሻዋን ትስማት ነበር፤ ዛሬ አልሳመቻትም። እትዬ እንገር ጀርባዋን እስከ መታጠፊያው ድረስ በዐይኗ ሸኘቻት። ልቧ ተሰነጠቀ፤ ያም ሆኖ ግልገሏ ጠብታለች፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ተሸክማ ቆመች።

ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ በሰፈሩ መሀል ያልፋል። ነገ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ሰብስቦ እስኪነግራቸው መጠበቅ ይቻል ነበር። ከሰው መሀል ተቀምጦ፣ ከሌላው ጋር አብሮ «አይ ጉድ!» እያሉ ራስን መነቅነቅም ይቻል ነበር። እስከዚያ ግን የትኛዋ ፍየል እንደምትወልድ ማን ያውቃል፤ እንገሯስ የት ይሄዳል? የጥበቃው ሚስት በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስተካከለች፣ ሽርጧን ፈታ አጣጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችው፣ አንኳኳች።

«ማን ልበል?» አለ ድምፅ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«ውይ እትዬ! አንቺ ደግሞ፣ ቤትሽ አይደለም እንዴ፣ የምን ማንኳኳት ነው!» በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። የጥበቃው ሚስት የልብስ ሳሙና አረፋ እስከ ክርኗ እንደሞላ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ ቆማለች። «ግቢ እንጂ! ግቢ፣ ግቢ! ምን ደጅ ያቆምሻል?»

እትዬ እንገር ደፉን አልተሻገረችም።

«መጀመሪያ እዚሁ ቆሜ ልንገርሽ» አለች። «ስጨርስ፣ ግቢ ካልሽኝ እገባለሁ።»